የሸፈንኩት ዓይን

ፕላስተር ከቆዳ ላይ ሲላጥ የሚሰጠውን ሽታ ልብ ብሎ የሚያውቅ ሰው ብዙ አይመስለኝም። ጎማ ጎማ ይላል፤ ከሥሩ ደግሞ የቆየ ሙጫ የሚመስል ነገር አለው። ባለፈው ጥር፣ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ፣ እዚህ ደብረ ታቦር ከዓይን ሕክምና ክፍል ደጃፍ ከእህቴ ከየሻረግ ጋር አግዳሚ ወንበር ላይ ተራ ስንጠብቅ ያ ሽታ መጣብኝ። ዞር ስል፣ በግራዬ የተቀመጠች ወጣት እናት የልጇን ፕላስተር በጥፍሯ ትፈለቅቃለች። ከጉና በኩል መምጣቷን ብርድ ከሰነጠቀው ጉንጯና ከደረበችው ወፍራም ባና ለየሁት። ልጅቷ አራት ዓመት ቢሆናት ነው። ቀኝ ዓይኗ በጥጥና በፕላስተር ተሸፍኗል፤ ግራው ወደ አፍንጫዋ ሸሽቶ ከጥጉ ተወሽቋል። ታለቅሳለች፣ ፊቷን ትቧጥጣለች። እናቲቱ ወደ እኔ ጠጋ ብላ፣ ለቀዶ ሕክምናው ገና ወራት እንደቀሩ፣ እስከዚያ ደህናውን ዓይን ሸፍኑ መባሏን፣ ልጅቷ ግን በዚህ በሰነፉ ዓይን እየተደናቀፈች መከራዋን እንዳየች ነገረችኝ። ለዛሬ ብቻ ወደ ታመመው ላዛውረው ነው አለችኝ፣ ሐኪሙ ዘንድ ስንገባ እመልሰዋለሁ። እጇን ያዝኳት። እኔ በሰው እጅ ላይ እጄን የማሳርፍ ሰው አይደለሁም። «አታንሺው» አልኳት። «ካነሣሽው ያንን ዓይን ታጣዋለች። ያሉሽን ቀን ቆጥረሽ፣ እንዳሉሽ።» ደንግጣ ፕላስተሩን መልሳ ለጠፈችው። በቀኜ የተቀመጠችው እህቴ ክንዴን ይዛ ነበር። ፊቷን ወደ እኔ አዞረችና «እታለም፣ ይኸን በየት አወቅሽው?» አለችኝ። ከመጽሐፍ ነው አልኳት። መጽሐፍ አንባቢ መሆኔ በዕድሜዬ ከብዙ ጥያቄ አድኖኛል።

የሻረግን ለማያውቃት ልንገር። በአሥር ዓመት ታናሼ ናት። ሁለት ቀጥ ያሉ፣ ሽፋላቸው የረዘመ፣ ውብ ዓይኖች አሏት፤ በሁለቱም አታይም። እንግዳ ሰው ቤት ሲመጣ እንደምታይ ቆጥሮ እጁን ይዘረጋላታል፣ እጁም አየር ላይ ይቀራል፤ እሷ ነገሩን በዝምታው ታውቅና «ዓይኖቼ ለጌጥ ናቸው፣ አይፈረድብህም» ብላ ታስቃለች። ቀኙን ያጣችው የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት ገብስ ሲወቃ ስንጥር ወግቷት ነው። ግራውን ያጣችበትን ግን ሰው ሁሉ፣ እሷም ጭምር፣ አንድ ቃል ነበር የሚለው፤ የእግዜር ሥራ ነው።

ልጅ ሳለን የምንኖረው ከጉና ግርጌ፣ ገብስና ድንች እንጂ ሌላ የማይበቅልበት ቀዝቃዛ ቀበሌ ነበር። ጠዋት ጠዋት ውሃው በእንስራው አፍ ላይ ስስ በረዶ ይሠራል። እናታችን የሻረግን ወልዳ በአርባ ቀኗ ሞተች፤ ልጂቱ በእኔ ጀርባ አደገች። አባቴ ሌላ ሚስት አላገባም፣ እኔንም ለጋብቻ ሲጠይቁት ሁለት ጊዜ «ይችን ታሳድግ» ብሎ መለሰ። በዘመኑ አሥራ አራት ዓመት የሞላት ልጅ በአባቷ ቤት መቅረቷ ነውር ነበር፤ እኔ ግን ደስ ይለኝ ነበር። የሻረግ መራመድ ስትጀምር ነው ግራ ዓይኗ መሸሽ የጀመረው። አራስ ሳለች መብራት በጎን አይታ ነው ያለ ነበር፣ እናቷን ስትፈልግ ነው ያለም ነበር። የሰፈሩ ልጆች ምክንያት አልፈለጉም፤ ግጥም ፈለጉ፣ አገኙም፤

«ሸውራራ ሸውራራ፣
አንድ ዓይኗ ጉና ነው፣ አንድ ዓይኗ ጣራ»

ጣራ ያሉት ጣራ ገዳምን ነው፤ ከእኛ ሰፈር ቆመው ቢያዩት ከጉና በተቃራኒው፣ ከአዲስ ዘመን በላይ ነው። ግጥሙን ሳስበው ዛሬም ልክነቱ ይገርመኛል። እሷ ራሷ ትርጉሙ ሳይገባት ከልጆቹ ጋር እየዘለለች ትለው ነበር፤ አባቴ ደጅ ቆሞ የሰማው ቀን ሞፈሩን አስቀምጦ ወደ ቤት ገባና እስኪመሽ አልወጣም። በዚያው ዓመት ክረምት ሳይገባ ልጂቱን አዝለን ጣራ ገዳም ጠበል ወሰድናት። ከዛፎቹ ሥር ሰባት ቀን ሰነበትን፤ ዓይኗ ጠራ፣ ግን አልቀናም። የሚያጠምቋት አባት ስንሰናበታቸው፣ ሐኪምም የእግዚአብሔር ነው፣ ወደ ደብረ ታቦር የዓይን ሐኪም መጣ ሲሉ ሰምቻለሁ፣ ሂዱ አሉን። ይኸን የምጽፈው ጠበሉ ከለከለን እንዳይባል ነው። ጠበሉ አልከለከለንም።

የዚያን ጊዜዋ ደብረ ታቦር ዛሬ ባጃጅ እንደ ንብ የሚተራመስባት አልነበረችም። ሰው የሚሄደው በመንገዱ መሀል ነበር፤ መኪና ከመጣ ከሩቅ ስለሚሰማ ለመሸሽ ጊዜ አለ። ገበያው መግቢያ ላይ ልብስ ሰፊዎች በረንዳው ላይ ተሰልፈው መኪናቸውን በእግራቸው ይረግጣሉ፤ ከሻይ ቤቱ ቴፕ ክራር ይንቆረቆራል፤ ሻይ አሥር ሳንቲም ነው፣ ዳቦ ከተጨመረ ሃያ አምስት። ሰዎች ከጉና ደብረ ታቦር የግማሽ ቀን መንገድ ነው ይላሉ፤ ልክ አይደለም፣ ልጅ ላዘለ ከዚያ ያልፋል። እኔ አዲስ የአቡጀዲ ቀሚስ ለብሻለሁ፤ አባቴ ካኪ ቁምጣው ላይ ጋቢውን ደርቦ፣ በረባሶውን እንዳያልቅበት በእጁ ይዞ መጥቶ ከተማው መግቢያ ላይ አጠለቀ። የሻረግ በአንድ እጇ ካራሜላ፣ በሌላው የቀሚሴን ጫፍ ይዛለች። በዚያች ቀን ያየሁትን ሁሉ አስታውሳለሁ፤ የልብስ ሰፊውን ቀይ ክር፣ ሻይ ቤቱ በር ላይ የተቀደደውን መጋረጃ። ለምን እንደማስታውሰው አውቃለሁ። ያለ ኃጢአት የዋልኩባት የመጨረሻዋ ቀን ስለነበረች ነው።

ሐኪሙ ለጥቂት ቀን ከጎንደር የመጣ፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ሰው ነበር። አባቴን አንቱ እያለ፣ ወንበር ስቦ አስቀመጠው። በሰፈራችን፣ ዓይንን ከጉድጓዱ አውጥተው ጉንጭ ላይ አሳርፈው፣ አጥበው ይመልሱታል ይባል ስለነበር አባቴ መጀመሪያ የጠየቀው ያንን ነው። ሐኪሙ አልሳቀበትም። ዓይን ከቦታው አይወጣም አለው፤ ዓይንን የሚያዞሩት ትንንሽ ጅማቶች ናቸው፣ ልክ እንደ በቅሎ መጫኛ፤ አንዱ ወገን ከጠበቀ ጭነቱ ወደዚያ ያዘነብላል፤ እኛ የጠበቀውን እናላላለን፣ የላላውን እናጠብቃለን፣ ጭነቱ ይቀናል። አባቴ በቅሎ የሚጭን ሰው ነውና ገባው። ሐኪሙ ግን ወደ እኔ ዞረ። ዓይኑን ማቅናቱ የኋላ ነገር ነው አለኝ። ደህናው ቀኝ ዓይን ሥራውን ሁሉ ጠቅልሎ ስለወሰደ ግራው ሰንፏል፤ ጨርሶ ማየት እንዳይረሳ ደህናውን ሸፍነን እሱን ሥራ ማስገባት አለብን። በየቀኑ፣ ስድስት ወር። ከዚያ ጎንደር አምጧት፣ ያኔ እንሠራላታለን። ጥጥና ብዙ ጥቅል ፕላስተር ሰጠኝ። «የቱን ነው የምትሸፍኚው?» ብሎ ጠየቀኝ። ቀኙን አልኩ። ልጂቱን ዞር አድርጎ እንደገና ጠየቀኝ። ቀኙን አልኩ። አባቴም ስንወጣ፣ አንቺ ሰምተሻል፣ አንቺ ጠብቂ አለኝ። ስለዚህ አልሰማሁም፣ አልገባኝም፣ ልጅ ነበርኩ የሚለውን ለራሴ እንኳ ብዬው አላውቅም።

ቡሄ ሲቃረብ ነበር፤ ከነሐሴ ሚካኤል ጀመርኩ። ቀን በወረቀት መቁጠር አላውቅም፤ ሚካኤልን ስድስት ጊዜ ካለፍኩ የካቲት ይሆናል። የመጀመሪያዎቹን አሥር ቀናት እንደተባልኩት አደረግሁ። አሥር ቀን ልጄን ስገድል የዋልኩ መሰለኝ። ደህና ዓይኗ ሲሸፈን እጇን ዘርግታ እንደ ዕውር ትዳስሳለች፤ ዋንጫ ስሰጣት አየሩን ትጨብጣለች፤ ውሻችን እንኳ ግራ ገብቶት ይሸሻታል። እማሆይ ወለቱ የሚባሉ ባልቴት ጎረቤት ነበሩን፤ እናታችን ስትሞት ልጂቱን ከእቅፏ ያነሷት እሳቸው ናቸው፣ ቃላቸው በቤታችን ሕግ ነበር። መጥተው አይተው፣ ከንፈራቸውን መጥጠው ተቀመጡ። «የታመመ ይሸሸጋል እንጂ ደህና ይሸሸጋል?» አሉኝ። «ኮሶ የጠጣ እንኳ ከሰው ዓይን ይከለላል። ቁስሉን ራቁቱን ትተሽ ጤናውን የምታለብሽ፣ ወይ ሐኪሙ ገልብጦ ነግሮሻል፣ ወይ አንቺ ገልብጠሽ ሰምተሻል።» እንዲህ ያሉት በክፋት አይደለም። በአገራችን ደዌ የሚያገግመው በጥላ ነው። የታመመ በመጋረጃ ይጋረዳል፤ ፀሐይም፣ ነፋስም፣ ክፉ ዓይንም እንዳያገኘው። ይኸን ሁሉም ያውቃል፤ እኔም ከእናቴ ጡት ጋር የጠባሁት ነው። ሐኪሙ ያለኝን ግን የሰማሁት አንድ ቀን ብቻ ነው።

በአሥራ አንደኛው ቀን የሻረግ ደጃፋችን ላይ ወድቃ ቅንድቧ ተፈነከተ። ደሙን አጠብኩ፤ አባቴ ከበሩ ላይ ቆሞ አየ፤ አንሺው አላለኝም፣ ተይውም አላለኝም። ፕላስተሩን ከቀኙ ላጥኩት። ያ ሽታ ያኔ ነው አፍንጫዬ ውስጥ የገባው። አዲስ ጥጥ አድርጌ በግራው ላይ ለጠፍኩት። ልጂቱ ቀና አለች፤ ቤቱን ዙሪያውን አየችው፤ ከዚያ እየሮጠች ወጣች። እኔም ተከትያት ወጥቼ የሆነ ነገር አየሁ፤ ሸውራራው ዓይኗ ሲሸፈን እህቴ ቆንጆ ነበረች። እስከዚያ ቀን አይቻት አላውቅም ነበር ማለት ይቻላል። የሰፈሩ ልጆች ግጥማቸውን ጀምረው አቆሙት፤ ጉናም ጣራም የሚያይ ዓይን አጡ። በጥቅምት የአጎታችን ልጅ ሲዳር ጸጉሯን ሠርቼ፣ ፊቷን ቅቤ ቀብቼ ይዣት ሄድኩ፤ የማያውቁን የሙሽራው ዘመዶች ከጭን ጭን አቀባበሏት፣ ይች የማን ልጅ ናት፣ ዓይኗን ምን ነካት ሲሉኝ፣ ትንሽ ጭረት ነው፣ ይድናል አልኳቸው።

አሁን የምናገረውን ሰው ባያነበው እወድ ነበር። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ነገር ሲጎድል እንቅልፍ የማይወስደኝ ሰው ነኝ። ያንን ፕላስተር ስድስት ወር አንድ ቀን ሳላጓድል ቀየርኩ። ጠዋት ከማንም በፊት ተነሥቼ፣ ጥጡን በልኩ ጠቅልዬ፣ ዳሩን በእርጥብ ጨርቅ ጠርጌ፣ ብርሃን በክር ቀዳዳ እንኳ እንዳይገባ አድርጌ ለጠፍኩ። ዘንግቼ ቢሆን፣ ሰንፌ ቢሆን፣ ሦስት ቀን ሸፍኜ አራት ቀን ትቼው ቢሆን፣ ያ ዓይን የተረፈችውን ብርሃን ይዞ ይቆይ ነበር። ያጠፋሁት በጥንቃቄዬ ነው።

የካቲት ሚካኤል ባለፈ በማግስቱ ሦስታችን ወደ ጎንደር ሄድን። ከደብረ ታቦር ወረታ፣ ከወረታ በአዲስ ዘመን አድርጎ ሽቅብ፤ በጭነት መኪና ጤፍ ጆንያ ላይ ተቀምጠን፣ አፋችንን በነጠላ አፍነን። አባቴ መንገዱን ሙሉ የደስታ ወሬ ያወራ ነበር፤ እንዲህ ተናጋሪ ሆኖ አላውቀውም። እኔ ግን ጎንደር በቀረበ ቁጥር የሐኪሙ ድምፅ ይጠራኝ ጀመር፤ የቱን ነው የምትሸፍኚው? ሆስፒታሉ ግቢ ስንደርስ አባቴ ካርድ ሊያወጣ ሄደ። እኔ የሻረግን ሽንት ላስወጣት ብዬ ከባሕር ዛፎቹ ጀርባ ወሰድኳት። ፕላስተሩን ከግራው ላጥኩት፤ ከአንገቴ ሥር ይዤው የመጣሁትን አዲሱን በቀኙ ላይ ለጠፍኩት። ይዤው የመጣሁትን አልኩ። ከቤት ስወጣ አስቤበት ነበር ማለት ነው። ያኔ ነው ማወቄን ያወቅሁት።

ሐኪሙ አስታወሰን። ልጂቱን ከመብራት ፊት አስቀምጦ ብዙ ቆየባት፤ ቀኙን ሸፍኖ ሥዕል አሳያት፣ ምንም አላለችም፤ ጣቱን አሳያት፣ ወደ ድምፁ ዞረች። በግራ ዓይኗ ዙሪያ የነጣውን ቆዳ በአውራ ጣቱ ዳሰሰና ይኸ ምንድን ነው አለኝ። ቅጠል አሥረንበት ነበር አልኩት። ትንሽ ተቆጣኝ። ከዚያ እስክሪብቶውን አስቀምጦ ዓይን ዓይኔን አየኝ። «እንደነገርኩሽ ሸፍነሻል? አላቋረጥሽም?» አለኝ።

«አንድ ቀን አላጓደልኩም» አልኩት።

በሕይወቴ ከተናገርኩት ሁሉ ከዚያ የበለጠ እውነት የለም፤ ከዚያ የበለጠ ውሸትም የለም። አባቴም፣ እውነቷን ነው ጌታዬ፣ ከዶሮ ጩኸት በፊት ተነሥታ ነው ሲል መሰከረልኝ። ሐኪሙ እስክሪብቶውን አነሣ። ብዙ ልጆች ላይ ይሠራል፣ እሷ ላይ እንቢ ብሏል አለ፤ ስድስት ወር በትክክል ተሸፍኖ ካልነቃ ከዚህ በኋላ ልጂቱን ማስቸገር አይገባም። ቀዶ ሕክምናው ዓይኑን ያቀናዋል፣ ሰው ፊት አታፍርም፤ ማየቱን ግን አልሰጣችሁም። አባቴ ተነሥቶ እጅ ነሣ። ቀጥ ካለ ይበቃናል አለ። እኔ ግድግዳው ላይ የነበረውን የፊደል ሰሌዳ እያየሁ ቆምኩ፤ ያን ጊዜ ለእኔ ፊደል አልነበረም፣ ጥቁር ጥቁር ጉንዳን ነበር።

በሁለተኛው ቀን ሠሩላት። ረጅም ጊዜ አልወሰደም፤ አባቴ ውዳሴ ማርያሙን አንድ ጊዜ ደግሞ ሁለተኛውን ሳይጨርስ በጋሪ ወጣች። በነጋታው ፋሻው ሲፈታ ዓይኗ ደም ለብሶ ነበር፤ ግን ከመሀል ቆሟል። እንደ ተተከለ ችካል ቀጥ ብሏል። ሐኪሙ ሥራውን በደንብ ነው የሠራው፤ እስከ ዛሬ አንዲት ክር አልዘነበለም። አባቴ አለቀሰ። ወደ ቤት ስንመለስ ደብረ ታቦር ገበያ ላይ፣ ከጀርባው የአበባ ሥዕል ያለበት ትንሽ ክብ መስተዋት ገዛላት፤ የሻረግ በቀኝ ዓይኗ ግራ ዓይኗን ስታይ ሰነበተች። እማሆይ ወለቱ እልል አሉ። በጥላ ያገገመ እንዲህ ነው አሉኝ፣ በጆሮዬ። አባቴ እስኪሞት ድረስ ስለ ራሱ የሚያወራው ኩራት አንድ ብቻ ነበር፤ የልጄን ዓይን አቅንቼ ለወግ ለማዕረግ አበቃኋት ይል ነበር። እውነትም ተዳረች፣ ሴት ልጅ ወለደች፤ በአንድ ዓይን ፈተለች፣ አረመች፣ እንክርዳድ ለቀመች።

እሷ ስትዳር እኔ ደብረ ታቦር ገባሁ። በመሠረተ ትምህርቱ ጊዜ ከባለትዳር ሴቶችና ከሽማግሌዎች ጋር በአንድ ሰሌዳ ሀ ሁ አልኩ፤ ከዚያ ማታ ማታ ልጆቼ ሊሆኑ ከሚችሉ ተማሪዎች ጋር ዴስክ ተጋርቼ፣ እየሳቁብኝ፣ አሥራ ሁለተኛን ጨረስኩ። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ቀጠሩኝና ጡረታ እስክወጣ ድረስ እዚያው አረጀሁ። ሰዎች እንዲህ ዘግይተሽ ምን አተጋሽ ሲሉኝ የዕውቀት ፍቅር እላለሁ። አንድ የክረምት ከሰዓት፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው፣ በእርዳታ ከመጡ መጻሕፍት ውስጥ ስለ ሕፃናት ጤና የሚያወራ እንግሊዝኛ መጽሐፍ ገለጥኩ። አንድ ዓይኑ የተሸፈነ ልጅ ሥዕል ነበረበት። መዝገበ ቃላቱን አጠገቤ አድርጌ ቃል በቃል ፈታሁት። ደህናው ይሸፈናል፤ የሰነፈው ከተሸፈነ ጨርሶ ይጠፋል፤ ስህተት ከተሠራም ልጁ ሰባት ዓመት ገደማ እስኪሆነው መመለስ ይቻላል፤ ከዚያ በኋላ በሩ ይዘጋል ይላል። የሻረግ ያኔ አምስት አልሞላትም ነበር። ሐኪሙ ሲጠይቀኝ እውነቱን ብናገር ተቆጥቶኝ፣ እንደገና ጀምሪ ይለኝ ነበር። ከሁለት ዓመት በላይ ነበረን። መጽሐፉን ዘጋሁትና ማንም ከማያነሣው መደርደሪያ፣ ከመኪና ጥገና መጻሕፍቱ ጀርባ ወሸቅሁት። በሠራተኝነት ዘመኔ መጽሐፍ ከቦታው ውጭ ያስቀመጥኩት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ደግሞም አንድ ዓይን አላት ብዬ ተጽናናሁ። ሰው በአንድ ዓይን ይኖራል። የገብሱ ስንጥር ቀኟን ወግቶ ብሌኗ እንደ ወተት ሲነጣ፣ ይዣት የሄድኩበት ወጣት ሐኪም በደስታ ወደ ግራው ዞሮ፣ ይኸኛውማ ጤነኛ ነው አለ። መብራቱን አብርቶ አየ፣ አጠፋ፣ እንደገና አበራ። ውስጡ ጤነኛ ነው አለ፣ ሥራ ሳይለምድ ቀርቶ ነው እንጂ። ባሏ ቀድሞ ሞቶ ነበርና ወደ እኔ ቤት አመጣኋት። ሲመሽ አነብላታለሁ፣ ሲነጋ ክንዴን ይዛ ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች። ሰፈሩ ለእህቷ የተሰጠች ይለኛል።

ባለፈው ጥር ከዓይን ሕክምናው በተመለስን ቀን፣ ገና ፀሐይ ሳለ፣ ደጅ ተቀምጠን ምስር ስለቅም የሻረግ ድንገት አነሣችው። እናቲቱን ስትይዥ ክንድሽን ይዤ ነበር፣ ተንቀጥቅጠሻል፣ መጽሐፍ ሰውን እንዲህ አያንቀጠቅጥም አለችኝ። ነገርኳት። ሳልቀንስ ሳልጨምር፤ አሥራ አንደኛውን ቀን፣ ሠርጉን፣ ባሕር ዛፎቹን፣ ቅጠል ያልኩትን፣ አንድ ቀን አላጓደልኩም ያልኩትን፣ መጽሐፉን የደበቅሁበትን። ለምን ተናገርኩ? ሸክሙ ከብዶኝ ነበር፤ ሌላ ምክንያት የለኝም። ስጨርስ አላለቀሰችም።

«ጊዜ ነበረኝ?» አለችኝ።

«ከሁለት ዓመት በላይ።»

በጣቶቿ የሆነ ነገር ቆጠረች፤ ምን እንደሆነ አላውቅም። «ተጣሞ ቢያይልኝ ይሻለኝ ነበር» አለች። ከዚያ ድምፅዋን ሳትለውጥ እንዲህ አለች፤ «እታለም፣ እኔ'ኮ አምላኬን ስንት ዓመት አኩርፌው፣ በስንት ልቅሶ ታርቄው ነበር። እሱ አይደለም ስትይኝ፣ አሁን ከማን ጋር ልታረቅ?»

ከእኔ ጋር ልላት አፌን ከፈትኩ። መልሼ ምስሩን መልቀም ጀመርኩ። 

አልጮኸችብኝም፣ አልረገመችኝም። ልጇ ከባሕር ዳር ስትደውል እንደ ወትሮው እየሳቀች አወራቻት፤ እንዳትነግሪያት አለችኝ ስልኩን ስትሰጠኝ፣ አክስት አታሳጪብኝ። ምግቤን ትበላለች፣ ሳነብላት ዝም ብላ ትሰማለች። በሳምንቱ ግን የጎረቤታችንን አናጺ ጠርታ፣ ከወይራ እንጨት እስከ ደረቷ የሚደርስ ዘንግ እንዲጠርብላት አዘዘችው። ለምን አልኳት። መልመድ አለብኝ፣ አንቺም አርጅተሻል አለችኝ። እውነቷን ነው፣ አርጅቻለሁ።

ሰኔ ገባ። ዛሬ ጠዋት ዘንጓን ይዛ ለኪዳን ወጣች፤ እኔ አሥር እርምጃ ያህል ወደ ኋላ ቀርቼ ተከተልኳት፣ መከተሌን ታውቃለች። ትናንት ማታ የጣለው ዝናብ የመንገዱን ዳር በልቶት፣ ቦዩ በግራዋ በኩል ተከፍቷል። «የሻረግ፣ በግራሽ ቦይ አለ፣ ወደ ቀኝ እለፊ» አልኳት። ቆመች። ዘንጓን ወደ ግራ ሰደደች፤ ባዶ ነበር፣ ውሃውን ነካ። ያን ጊዜ ትሄዳለች ብዬ ስጠብቅ አልሄደችም። ዘንጓን ወደ ቀኝ አዞረችና እለፊበት ያልኳትን መሬት፣ ድንጋይ በድንጋይ፣ እስከ ጫፉ ፈተሸችው።